ከካሴቱ ጫፍ የቀረው

ባለፈው ቅዳሜ በርበሬ ልገዛ ሾላ ገበያ ወርጄ፣ አሮጌ የቤት ዕቃ የሚሸጥባት ሱቅ በር ላይ የቴሌቪዥን ዳንቴል ተሰቅሎ አየሁ። ዙሪያው በሮዝ ክር የተሠራ፣ መሃሉ ላይ ሁለት ወፎች የሚተያዩበት ነው። ባለሱቁ መቆሜን አይቶ «ማዘር፣ የጠረጴዛ ነው፣ ይውሰዱት» አለኝ። የምን እንደሆነ ለእኔ ሊነግረኝ! ገዛሁት፤ ቤት ስደርስ ግን የኔ ቴሌቪዥን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቀጭን ነገር ነውና ዳንቴል የሚያርፍበት አናት እንኳ የለውም።

ልጆች ሳለን ከየካ ሚካኤል በታች ባለው ሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው እትዬ የሺ ቤት ብቻ ነበር። መዝጊያ ባለው የእንጨት ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ከላይ ዳንቴሉን ለብሶ ይቀመጣል፤ ቁልፉ እትዬ የሺ አንገት ላይ ከማተባቸው ጋር ይንጠለጠላል። ቅዳሜ ከሰዓት የልጆች ዝግጅት ሲደርስ እግሩን ያልታጠበ ልጅ ደፉን አያልፍም። የላስቲክ ጫማችንን በረንዳው ላይ ደርድረን እንገባለን፣ ስንወጣ ተደበላልቆ ሁለት የግራ እግር አጥልቆ ቤቱ የሚሄድ አይጠፋም። አንቴናው ከእንጦጦ በወረደ የባሕር ዛፍ አጣና ጫፍ ላይ የታሰረ ነበርና ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ምስሉ ይጠፋል፤ ባላቸው ጋሼ ወርቁ ጣሪያ ላይ ወጥተው እንጨቱን እያዞሩ «መጣ?» ይላሉ፣ እኛ ከውስጥ በአንድ ድምፅ «አልመጣም!» እንላለን፣ ሲመጣም አንዳንዴ ተረቱ አልቆ ይጠብቀናል። እዚያ ሣጥን ውስጥ ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ ብዬ የማልኩት በዚያ ወለል ላይ ተቀምጬ ነው።

ገባሁም። በሃያ ሁለት ዓመቴ የልጆች ዝግጅት አቅራቢ ስሆን ከእናቴ ይልቅ የኮሩት እትዬ የሺ ነበሩ፤ «ምስራቅ እኮ እግሯን የታጠበችው እኔ ቤት ነው» እያሉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ያወሩ ነበር።

የሰፈሬን ልጆች ስቱዲዮ ይዤ የገባሁ ዕለት የመጨረሻ ልጃቸው ሰናይትም አብራ መጣች። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትናገር ፉጨት ይቀላቀልባታል። «እንቆቅልሽ» አለችኝ። «ምን አውቅልሽ» አልኳት፣ መልሱ ግን ጠፋኝ። እንደ ደንቡ «አገር ስጪኝ» አለች። ጎንደርን ሰጠኋት፣ አይሆንም አለች፤ ሐረርን ሰጠኋት፣ እሱም አልጣማትም፤ እንጦጦን ስሰጣት ብቻ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «እንጦጦ ገብቼ ምን አጥቼ!» ብላ መልሱን ነገረችኝ። ካሜራማኑ ሳቁን መያዝ አቅቶት ምስሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንቆቅልሹ ምን እንደነበረ ዛሬ አላስታውስም፤ መልሱንም አላስታውስም።

በኛ ሥራ ያኔ ካሴት ብርቅ ነበር። ዝግጅቱ ከተላለፈ በኋላ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። አቅራቢ ሳለሁ ይህን የሚወስኑትን አዘጋጃችንን «ጋሼ፣ ይቺን እንኳ ይተዉልኝ» ብዬ ስለምን «ልጄ፣ ልጅ እንደሆነ ሁሌም ይወለዳል፣ ሌላ ትቀርጫለሽ» ይሉኝ ነበር። ስንቴ ረገምኳቸው! በኋላ እሳቸው ሲሄዱ አዘጋጅ እኔ ሆንኩ፣ ከወንበሩ ጋር አነጋገራቸውም መጣልኝ። አንድ ቀን ለአንድ ስብሰባ የመክፈቻ ንግግር ካሴት ጠፋ ተባለ፤ በላያቸው የሚቀዳባቸውን ካሴቶች ዝርዝር አቀረቡልኝ፣ ሳላነበው ፈረምኩ።

ሰናይት በአሥራ ሁለት ዓመቷ ታማ ሞተች። ከአርባዋ በኋላ እትዬ የሺ እጄን ይዘው «ፎቶዋስ አለኝ፤ ድምፅዋ ነው የጠፋኝ። እስቲ ያንን እንቆቅልሿን አንድ ጊዜ አሰሚኝ» አሉኝ። «እፈልጋለሁ» አልኳቸው። የካሴቶቹን መዝገብ ሳይ፣ ሳላነብ በፈረምኩት ዝርዝር ውስጥ እንደነበረ ገባኝ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ወኔ አጣሁ። «እየፈለግኩ ነው» እያልኩ ስንት ዓመት አሳለፍኩ! ዝግጅቱ ተዘጋ፣ ጋሼ ወርቁ አረፉ፣ እኔም ሸበትኩ፤ የሳቸው ጥያቄ ብቻ እንዳለ ነበር።

ጡረታ ልወጣ ስል የካሴት ክፍሉ ይጸዳ ተባለና ያው ካሴት እጄ ገባ። ማሸጊያው ላይ በወጣትነት ጽሑፌ «የየካ ልጆች፣ እንቆቅልሽ» ይላል፤ እሱ በቀይ ተሰርዞ «የመክፈቻ ንግግር»፣ ከሥሩም ፊርማዬ። ከፍቼ ንግግሩን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ንግግሩ ሲያበቃ ምስሉ ተርገበገበና የኛ ዝግጅት ጫፍ ብቅ አለ፦ ሹሩባ የተሠራሁ እኔ፣ እጄን እያውለበለብኩ «ደህና ሁኑ ልጆች» ስል፣ ከዚያ ጭብጨባ፣ ከዚያ ጨለማ። አሥር ሰከንድ ቢሆን ነው። ከዚያ ሁሉ ልጅ መሃል የተረፍኩት እኔ ነኝ።

በስልኬ ቀድቼ እትዬ የሺ ዘንድ ሄድኩ። ሣጥኑ እዚያው ነበር፣ ዳንቴሉም። «ካሴቱ አርጅቶ ተበላሽቷል፣ የተረፈው ይቺ ናት» አልኳቸው፤ ፊርማዬን አላነሳሁም። ምስሉን አላዩትም፤ ስልኩን ጆሮአቸው ላይ ለጠፉት። «ይቺ አንቺ ነሽ» አሉ። ጭብጨባው ሲመጣ ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደግመሽ አሰሚኝ አሉ፣ ደግሜ ከፈትኩት።

«ከሚያጨበጭቡት ውስጥ አለች፣ አይደል?»

ያን ዕለት ልጆቹ ሰልችቷቸው ሳናበቃ ተበታትነው ነበር። ጭብጨባውን በኋላ የለጠፈው የድምፅ ባለሙያችን ነው፤ ከሌላ ካሴት የተወሰደ፣ ስብሰባ ላይ የተቀመጡ አዋቂዎች ጭብጨባ ነው።

«አዎ፣ አለች» አልኳቸው።

«የትኛው ነው የሷ?»

«ይቺ ፈጠን ፈጠን የምትለው።»

እትዬ የሺ አምና አረፉ፣ ቤቱም ፈረሰ። አሁን ከሾላ የገዛሁትን ዳንቴል ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ያችን አሥር ሰከንድ እከፍትና ስልኩን ጆሮዬ ላይ እለጥፋለሁ። እንደሌለች እያወቅኩ፣ ፈጠን የምትለውን እፈልጋለሁ።