ሰኞ ሰኞ ዝም የሚለው ሰርቨር

ውባንቺ ንፋስ መውጫ ላይ ስልክ ትጠግናለች። ከጠረጴዛዋ ሳትነሳ ደግሞ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ያለ አንድ ማሽን ታስተዳድራለች። በገበሬዎች ማኅበር ቢሮ የተቀመጠ፣ ሊኑክስ በሚባል የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራ ሰርቨር ነው። ገበሬው አጭር መልእክት ሲልክ፣ የእንስሳት ሐኪሙ መቼና ወደ የትኛው ቀበሌ እንደሚመጡ ይመልስለታል። ሐሳቡም ሥራውም የእሷ ነው፤ ማኅበሩን እስክታሳምን ብዙ ደጅ ጠንታለች።

ችግሩ ሰኞ ሰኞ ነው። መልእክት የሚመልሰው አገልግሎት ይቆማል፤ ሰዎች ከብት ነድተው ሐኪም በሌለበት ይሰለፋሉ። ውባንቺ በላፕቶፕዋ የማስነሻውን ትእዛዝ ስትጽፍ ይነሳል፤ ሳምንቱንም በደንብ ይሠራል። በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና ዝም።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ስማቸው ደወሉላት።

«ስሚ ልጄ፣ ከብቱን በከንቱ የነዳ ሁሉ ደጄ ላይ ቆሞ ይሰድበኛል። የፊታችን ሰኞም ዝም ካለ ነቅዬ መጋዘን ነው የምከተው።»

«መጋዘን አይገባም» አለች ውባንቺ።

እስካሁን መብራት እየጠፋበት ይመስላት ነበር። አሁን ሰርቨሩ ራሱ የሚመዘግበውን የሥራ ታሪክ ከፍታ አነበበች። መብራት አልጠፋበትም። አርብ ጀንበር ስትጠልቅ ሰው በሥርዓቱ ያጠፋዋል፤ ሰኞ ረፋድ ላይ ያበራዋል። ቅዳሜና እሑድ ሐኪም ስለማይዞር መቆሙን ልብ ያለው አልነበረም።

በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍራ ወደ አርብ ገበያ ወረደች። የቢሮው ጥበቃ አያ ካሴ በር ላይ ተቀምጠዋል።

«አያ ካሴ፣ ማሽኑን ማን ነው የሚያጠፋው?»

«እኔ ነኛ! ቀዳሚትም እሑድም ሲንገላታ ይዋል? በሬ እንኳ በሰንበት ቀንበር አይጫንበትም።»

«እሱ እኮ ነፍስ የለውም።»

«ነፍስ ከሌለው ለምን ያለከልካል?» አሉ፣ የሚጮኸውን የማሽኑን ማራገቢያ በከዘራቸው እያሳዩ።

ሳቋ አመለጣት። «ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

«እሱን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ!»

ልትከራከር አሰበችና ተወችው። እሳቸው እሺ ቢሉ እንኳ ነገ መብራት ይጠፋል፣ ወይም ሌላ ሰው ሶኬቱን ይነቅላል። እሷ ደግሞ አገልግሎቱን ሁልጊዜ በእጇ ታስነሳዋለች እንጂ፣ ማሽኑ ሲበራ አብሮ እንዲነሳ አዛው አታውቅም። እዚያው ቁጭ ብላ አዘዘችው። በመሃል ከወደቀም ራሱ እንዲነሳ ጨመረችበት። ከዚያ አጥፍታ አበራችው፤ አገልግሎቱ ማንም ሳይነካው ተነሳ።

«አያ ካሴ፣ ሰንበቱን ይረፍ። ሰኞ ግን ረፋድ ድረስ አያስተኙብኝ። ዶሮ ሲጮህ ያብሩልኝ።»

«ይኸ ደኅና ነገር ነው» አሉ ሽማግሌው። «እኛስ በሬ የምንጠምደው መቼ ሆነና?»

ሰኞ ማለዳ ውባንቺ ላፕቶፑን ሳትከፍት ቁጭ አለች። ትእዛዙን ለመጻፍ እጇን ቢበላትም፣ ከነካችው ፈተናው ከንቱ ነው። እንደማንኛውም ገበሬ ከስልኳ መልእክት ላከች። ጥቂት ዘገየ። ከዚያ ስልኳ ጮኸ፦

«ሐኪሙ የሚመጡት ረቡዕ ነው። ዛሬ ከብትዎን አይንዱ።»