ሽማግሌው ያስጫሩኝ እንጨቶች

ሜልቦርን ዳርቻ፣ ዋይንድሃም ቬል በሚባል ሰፈር ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ እንግሊዛዊ ሠዓሊ ነበሩ። ኬረር፣ ማለትም የአረጋውያን ተንከባካቢ ስለሆንኩ ማክሰኞ ማክሰኞ እየሄድኩ አጥባቸው፣ ቁርስ አቀርብላቸው ነበር። የተወለዱበትን ገጠር፣ በጉን፣ ድልድዩን፣ ጭቃማውን መንገድ ሲሥሉ፣ በእንጨት ላይ ቀርጸው ወረቀት ላይ ሲያትሙ ነው ያረጁት። ግማሽ ዕድሜያቸውን ሜልቦርን ኖረው አንድ ባሕር ዛፍ እንኳ አልቀረጹም።

እኔም አዲስ አበባ የተማርኩት ይህንኑ ሙያ ነው። እዚህ ከመጣሁ ግን መጀመሪያ ክሬጊበርን ያለ መጋዘን፣ ቀጥሎ ይሄ ሥራ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መሮ አልጨበጥኩም። በየሳምንቱ ልነግራቸው አስብና እተወው ነበር። «ታዲያ ሥራህ የታል?» ቢሉኝ ምን ላሳያቸው ነው? አፍሬ ነው፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

አንድ ማክሰኞ ጋራዥ ውስጥ የተደረደሩትን የተቀረጹ እንጨቶች አስወጡኝ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል።

«ሁሉንም ጫርልኝ፤ ከእኔ በኋላ ማንም እንዳያትምባቸው» አሉኝ።

ልማዱን አውቀዋለሁ። አታሚ ያሰበውን ያህል ቅጂ አትሞ ሲጨርስ እንጨቱን በጭረት ያበላሸዋል። ግን የአንድ ሰው ዕድሜ በአንድ ጠዋት ሲበላሽ አይቼ አላውቅም። በጎቹን ጫርኩ። ድልድዩን ጫርኩ። 

የመጨረሻው እንጨት ላይ የተቀረጸው የእርሻ አጥር በር ነበር፤ ቀለም አልነካውም። ቀርጸው እንደጨረሱት ነው እጃቸው የከዳቸው።

«ይሄኛው አንድ ጊዜ እንኳ አልታተመም። እባክዎ ይትረፍ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ማን ያትመዋል? እኔ አልችል፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ አጠገቤ የለም።»

«እኔ አለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። መጫሪያውን አነሳሁ። ከጥግ እስከ ጥግ ጫርኩት።

ጭረቱን በጣታቸው ዳሰሱትና ቀና ብለው አዩኝ።

«ይሄ የተማረ እጅ ነው። የት ተማርክ?»

«የትም» አልኳቸው።

 ሻይ አፍልቼላቸው ወጣሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሞቱ፤ ማክሰኞዬም ለሌላ ተንከባካቢ ለሚሹ አዛውንት ተሰጠ። ከሺፍት ወጥቼ በትሬን ወደምኖርበት ፉትስክሬይ ስመለስ እጄን አየዋለሁ። ከእንግዲህ ሠዓሊ እሆናለሁ ብዬ ራሴን አልሸነግልም። አውስትራሊያ ከገባሁ በዚህ እጅ እንጨት ላይ ያሳረፍኩት ነገር ቢኖር የእሳቸውን በጎች፣ ድልድይና በር ያበላሸሁበት ጭረት ብቻ ነው።