ማዘል ምን ጥበብ አለው ያልኩ ዕለት

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ ልንገራችሁ፤ ስትሰሙ ግን አትዘኑልኝ።

በጦርነቱ ጊዜ ወልድያ፣ ራጅ የሚነሳበት ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። በሽተኛ መጥራት፣ ልብስ ማስወለቅ፣ ሕፃን መያዝ የኔ ሥራ ነው። ራጅ የምታነሳው ዘሃራ የመርሳ ልጅ ናት። መንገዱ ተዘግቶ ፊልም ከየትም አይመጣም። ሕፃን ደግሞ አንዴ ከተወራጨ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ፊልሙም ከንቱ ይቀራል። ስንቱን እንዲያ አበላሸን!

አንድ ቀን ግራና ከምትባል ከተማ የመጣ፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚል ሕፃን አልያዝ አለን። ዘሃራ ድንገት፣ «እታለም፣ እስቲ የእናቱን ነጠላ አምጪልኝ» አለችኝ።

«ራጅ ልታነሺው ነው ልታስተኚው?» ብዬ ሳቅኩባት።

«ዝም ካላልሽ አንቺንም አዝልሻለሁ!»

ነጠላውን እንደ አንቀልባ አድርጋ ሕፃኑን ፊልሙ ከተደገፈበት ቋሚ እንጨት ጋር አዘለችው፤ ደረቱን ወደ ፊልሙ አዞረች። የእናቱ ጀርባ መሰለው መሰለኝ፣ ጉንጩን ጣል አድርጎ ጸጥ አለ። ምስሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ኋላ ደህና ማዘያ አሰብን፤ እሷ ለካች፣ እኔ ሰፋሁ።

ሰላም ሲሆን ዘሃራ የፈጠራ መብት ጠየቀች። አንድ የሕክምና ዕቃ አምራች ግን «ማንም የሚያስበው ነገር ነው፣ ፈጠራ አይባልም» ብሎ ተቃወመ። የመብት ጥያቄውን የያዘው መርማሪ እኔን ለምስክርነት አስጠራኝ። «እውነት ማንም ያስበው ነበር?» አለኝ። ዘሃራ አጠገቤ ተቀምጣለች።

እኔስ ምን አልኩ? «ማዘል ምን ጥበብ አለው? የወሎ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሰው ሁሉ ዘሃራ ዘሃራ ሲል ቀንቼ፣ የሰፋው እጄ ተረሳ ብዬ። ልጆቼን ሁሉ በጀርባዬ ያሳደግኩ፣ ያ ሁሉ ፊልም ሲበላሽ ቆሜ ያየሁ ሴት፣ ታዲያ ለምን ለኔ አልታየኝም? ከታየ በኋላማ ማን የማያውቀው አለ? ይህን አውቃለሁ፤ እያወቅኩ ተናገርኩ። መብቱን ከለከሏት።

ስንወጣ ክንዴን ደግፋ፣ «ፀሐዩ በረታ፣ ደከመሽ አይደል እታለም?» አለችኝ። ምነው በሰደበችኝ!

ጦርነቱ ነው ያከፋኝ አልልም። ጦርነቱ እሷንም አግኝቷታል፤ እሷ አልከፋችም። ዘሃራ፣ እህቴ፣ አፉ በዪኝ። ባትዪኝም ያን ቀን መናገር የነበረብኝን አሁን ልናገር፤ ያሰብሽው አንቺ ነሽ። እኔ አጠገብሽ ቆሜ ነበር፤ አላሰብኩትም።