የአብሮ አደጌ ተቆጣጣሪ

በአገራችን የአክሲዮን ገበያ ሲከፈት እኔን የማረከኝ ፈቃዱ በየደረጃው መከፋፈሉ ነበር። ወረታ ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ፤ በየፈርጁ የተለየ ነገር ማስረዳት ደስ ይለኛል። ስለዚህ አብሮ አደጌ ከባሕር ዳር መጥቶ "የአክሲዮን ሻጭ ሆኛለሁ፤ ለአገሬው አንተ አስረዳልኝ" ሲለኝ አላመነታሁም። ከልጅነታችን ጀምሮ የሩዝ አረም በወንፈል የምንወጣ ነን፤ አንድ ቀን በእኛ ማሳ፣ አንድ ቀን በእነሱ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ቤት ፊት ቆሜ አስረዳሁ። ለሕዝብ የሚሸጠው ሰው የራሱ ፈቃድ አለው። እሱን የሚቆጣጠረው ደግሞ ሌላ፣ ከበድ ያለ ፈቃድ ይዞ ነው የሚሠራው። ሻጩ ለገዢው የማይሆነውን ቢያቀርብ የሚያስቆመው ተቆጣጣሪው ነው፤ ያለ እሱ ሻጭ ብቻውን አይሠራም።

"እንደ ዲያቆንና እንደ ቄስ በለና" አሉኝ አንድ አዛውንት። "ዲያቆን ብቻውን አይቀድስ።"

"እንዲያ ነው፣ አባ" አልሁ፤ ምሳሌውን ለተማሪዎቼም ልወስደው አሰብሁ።

በሳምንቱ አባቴ አክሲዮን ሊገዙበት አንዱን የእርሻ በሬ ገበያ ሊያወጡ መሆኑን ሰማሁ። ያለ እሱ ጥማድ አይኖራቸውም። ቤት ሄጄ፣ "አባዬ፣ መጀመሪያ ሻጩን ተቆጣጣሪው ማን እንደሆነ ይጠይቁት" አልኋቸው።

ገመድ እየገመዱ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

"ትቀልዳለህ? አንተ አይደለህ እንዴ?"

"ማን አለ?"

"እሱ ነዋ። 'ልጅዎ ነው የሚቆጣጠረኝ፤ ሲያስረዳ አልሰሙም?' አለኝ። ሰንበቴተኛው ሁሉ እንዲያ ነው የያዘው።"

ወጥቼ ለአብሮ አደጌ ደወልሁለት። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ "ፈቃዴ ገና ነው" አለኝ። "እስከዚያ የሚታመን ሰው ፈለግሁ። አንተ ደግሞ ማስረዳት ትወዳለህ።"

ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ ይህቺ አትረሳኝም።

ለአባቴ እውነቱን ነገርኋቸው፤ በሬው ቀረ። ለሰንበቴተኛውም በየቤቱ እየዞርሁ፣ እኔ ፈቃድ እንደሌለኝ፣ የእሱም እንዳልወጣ አስረዳሁ። አዛውንቱ እስክጨርስ ሰምተው "ታዲያ ያን ለት ቄሱ ማን ነበር?" አሉኝ። 

አረም ሲደርስ የወንፈሉ ተራ የእኛ ነበር። አባቴ ከጎኔ ለአብሮ አደጌ የሚሆን ቦታ ተዉ። እስከ ረፋድ ጠበቅነው፤ አልመጣም።

"በል፣ የእሱንም ቦታ አንተው ያዝ" አሉኝ። የሩዙ ማሳ ውኃ ውስጥ ገባሁ።