በለጠች ያንኮራፋችበት ዘመን

በለጠች በድሬ ቀፊራ ገበያ ውስጥ በርበሬ፣ እርድና ቅመማ ቅመም ትሸጥ ነበር። ወፍራም፣ ጨዋታ ወዳድ፣ ሳቋ ከሩቅ መደብ የሚሰማ ሴት ናት። ባሏ ክፍሉ የምድር ባቡር መካኒክ ነው። ወላጆቻቸው ከደጋ ይምጡ እንጂ ሁለቱም የድሬ ልጆች ናቸው፤ አማርኛቸው "ወላሂ" እና "አቦ" የማይለየው። ያን ጊዜ፣ በሰባዎቹ አጋማሽ፣ ደርግ አገሩን በስብሰባ ይዞት ሳለ፣ በለጠችን ሰው ሁሉ የሚያውቃት በቅመሟ ሳይሆን በእንቅልፏ ነበር።

እንቅልፏ እንዲህ ነው። ደንበኛ መጥቶ "እርድ ስጪኝ" ሲላት ማንኪያውን እርዱ ውስጥ ትከታለች። ማንኪያው እዚያው ተተክሎ ይቀራል፣ እሷ በእንቅልፍ ትሄዳለች። አገጯ ደረቷ ላይ ይወድቅና ማንኮራፋቱ ይጀምራል፤ በመጀመሪያ እንደ እህል ወፍጮ፣ ቀጥሎ ዳገት እንደያዘ የጭነት መኪና። አንድ ቀን ከከተማው ውጭ ከጀልዴሳ የመጣ አንድ ሰው ግመሉን እየሳበ በመደቧ በኩል ሲያልፍ ግመሉ ቆመ፣ ጆሮውን አቀና፣ ከዚያም አንገቱን ዘርግቶ በዚያው ዜማ መለሰላት። ሰውየው ቢጎትት፣ ቢለምን፣ ቢቆጣ ግመሉ ንቅንቅ አልል አለ። ወሬው እስኪያልቅ ጠበቀ።

ከጎኗ ሽቲና ድሪያ የሚባሉትን የሴት ልብሶች የምትሸጥ ሳሕራ የምትባል ሶማሌ ጓደኛ ነበረቻት። የበለጠችን መደብ የምትጠብቅላት፣ በመጨረሻም ትከሻዋን ይዛ "አባዮ፣ እህቴ! ተነሺ፣ ገበያው ሄደ!" እያለች የምትንጣት እሷ ናት።

በለጠች ግን አንድም ቀን እንቅልፌ በሽታ ነው ብላ አስባ አታውቅም። "የጠገበ ሰው እንቅልፍ ነው" ትላለች። ቤት ውስጥ ባሏ ክፍሉ ፍራሹን ተሸክሞ ወደ ማድቤት ከተሰደደ ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት ራሷን ይፈልጣታል፣ አፏ ይደርቃል፣ እግሯን ጎትታ ነው የምትነሳው። ደም ብዛትና ስኳር አለብሽ ተብላ ኪኒን ትውጣለች። ኪኒኗን አንድ ቀን አታስታጉልም፤ ደም ብዛቱ ግን ወይ ፍንክች።

ነገሩ የፈነዳው አንድ እሑድ ጠዋት የቀበሌ ስብሰባ ላይ ነው። አዳራሹ እንደ ምጣድ ግሏል። ሊቀ መንበሩ ጓድ ዘገዬ ስለ ማንቃትና ማደራጀት ረጅም ንግግር አድርጎ ላቡን ጠረገና፣

"እንግዲህ ለንቃት ኮሚቴው ታታሪ ሴት ጓድ እንድትጠቁሙ" አለ።

ከመሀል የበለጠች ማንኮራፋት ተሰማ፣ ኽርርር።

"በለጠች!" አለ ከኋላ አንድ ድምፅ። ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው እጃቸውን አወጡ፣ ወንዶቹም ተከተሉ።

"የሚቃወም?" አለ ጓድ ዘገዬ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ማንኮራፋቱ ቀጥ አለ።

"የሚቃወም የለም! በሙሉ ድምፅ ተመርጣለች!"

ጭብጨባው ሲፈነዳ በለጠች ብድግ ብላ ከሁሉ አስበልጣ ማጨብጨብ ጀመረች። ትንሽ ቆይታ አጠገቧ ወዳለችው ሳሕራ ጎንበስ አለችና፣

"ለማን ነው የምናጨበጭበው?"

"ላንቺ!"

"ምን አድርጌ?"

"ነቅተሽ!"

ሳሕራ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። ከአዳራሹ ሲወጡ ግን ሳቋን ዋጥ አደረገች። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሷ የበለጠችን ደረት ስታይ ነበር። ማንኮራፋቱ ሲቆም ትንፋሹም አብሮ ቆሞ ነበር። የበለጠች ከንፈር ጠቁሮ፣ ጉሮሮዋ አየር ፍለጋ ሲታገል አይታለች።

"አባዮ፣ ነገ ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አለች።

"የኮሚቴ ሥራ አለብኝ" አለች በለጠች።

"ወላሂ፣ ግመል አስጭኜ ነው የምወስድሽ!"

በማግሥቱ ሄዱ። ሐኪሙ ከኩባ የመጣ፣ ረጅም፣ ፂማም ሰው ነው። ሲስተር ቀመር የምትባል የሐረር ልጅ ታስተረጉማለች። ደሟን ለካ፣ ሽንቷን አስመረመረ፣ ግንባሩን ቋጠረና አንድ ነገር ጠየቀ።

"እንቅልፍሽ እንዴት ነው ይላል" አለች ቀመር።

"እንቅልፌማ ግሩም ነው! እንደኔ የሚተኛ ድሬ ውስጥ የለም በይው።"

"ዋሸች!" አለች ሳሕራ፤ "አቦ፣ እኔ ላሳየው!"

የሐኪሙን ወንበር ሳበች፣ ተዘረጋች፣ አፏን ከፈተች፣ ማንኮራፋት ጀመረች። ወፍጮውን አሰማች፣ የጭነት መኪናውን አስነሳች። ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች በበሩ ተንጠራርተው ያያሉ፤ አንዱ ሽማግሌ ሳቁ ሳል ሆኖበት ግድግዳ ይደገፋል። ከዚያ ሳሕራ ትንፋሿን ያዘች። ያዘች፣ ያዘች፣ ዓይኗ ፈጠጠ። ቀመር ደንግጣ ልትነካት ስትል ሳሕራ "ኻ!" ብላ ከውኃ ውስጥ እንደወጣ ዋናተኛ አየር ሳበችና እንደገና ማንኮራፋቷን ቀጠለች።

ሐኪሙ እንደሌላው ሁሉ ሲስቅ ነበር፤ ያ ዝምታ ላይ ሲደርስ ግን ሳቁን አቆመ። ሦስቴ አስደገማት። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳ። በእንቅልፍሽ ጉሮሮሽ ይዘጋል፣ ትንፋሽሽ ይቆማል፣ ሰውነትሽ ደንግጦ ይቀሰቅስሻል። አንቺ አታውቂውም። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲሆን ያድራል። ልብሽና የደም ሥርሽ እረፍት አያገኙም። ደም ብዛቱ ከዚህ ብቻ ነው የመጣው አልልም፤ ግን እንዲህ እያደርሽ ኪኒኑ ብቻውን አያሸንፈውም። ስኳርሽንም ያባብሰዋል።

"ተኝተሽ እየሮጥሽ ነው የምታድሪው ይልሻል" አለች ቀመር።

"እሮጣለሁ?" አለች በለጠች፤ "ታዲያ ለምንድን ነው የማልከሳው?"

ቀመር ይህን ስትተረጉምለት ሐኪሙ ጠረጴዛውን እየመታ ሳቀ። ትእዛዙን ግን አላላላም። ኪኒኑን እንዳታቋርጪ፣ ክብደት ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ፣ ማታ አረቄ የሚባል እንዳትቀምሺ፣ በጀርባሽ አትተኚ። በጀርባዋ እንዳትዞር የሌሊት ልብሷ ላይ፣ ከትከሻዋ መሀል፣ ድቡልቡል ነገር ይሰፋበት አለ።

ሳሕራ ኪሷን ሰፋች። መጀመሪያ ሎሚ ከተቱበት፤ ሎሚው ፈረጠና በለጠች ሰላጣ መስላ ነቃች። ቀጥሎ ሽንኩርት ሆነ። ክፍሉ ጠዋት ከማድቤት ወጥቶ "እኔ ማድቤት አድሬ ወጥ የሚሸተው መኝታ ቤቱ ነው!" አለ። በመጨረሻ ሳሕራ ከጅቡቲ ከሚመጣላት ዕቃ መሀል አንዲት የጎማ ኳስ አገኘች፣ ኳሷ ልክ ሆነች። በለጠች በጀርባዋ ልትገለበጥ ስትል ኳሷ ትቆረቁራታለች፤ ተራግማ ወደ ጎኗ ትመለሳለች። ክፍሉ አንድ ጠዋት በጣም ደንግጦ ከማድቤት እየሮጠ መጣ። ምንም ድምፅ ስላልሰማ የሞተች መስሎት ነው። እሷ በጎኗ ተኝታ ቀስ ብላ ትተነፍሳለች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ለረጅም ጊዜ አያት፤ በዚያው ሳምንት ፍራሹን መለሰ።

ወራት አለፉ። ራስ ምታቱ ለቀቃት። ደም ብዛቷ ቀስ በቀስ ወረደ፣ ስኳሩ ባይጠፋም ተገራ። ገበያ ላይ ማንኪያው እርዱ ውስጥ መቅረቱ ቆመ። ኮሚቴ ላይማ ጓድ ዘገዬ ተጸጸተ፤ በለጠች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነቅታ እየሰማች "ጓድ፣ ይህን ባለፈው ሳምንትም ብለኸዋል" ትለው ጀመር።

ከሁሉ የባሰው የእግር ጉዞው ነበር። ብቻዬን ያሳፍረኛል ብላ ሳሕራን ጎተተች፣ ሳሕራ የአክስቷን ልጅ ሚሬን፣ ሚሬ የሽንኩርት ሻጮቹን። ብዙም ሳይቆይ በበጋው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ የቀፊራ ሴቶች ጉርዳቸውን ሰብስበው የደረቀውን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሲወጡና ሲወርዱ ይታዩ ነበር፣ ግማሹ እየሳቀ፣ ግማሹ እያለከለከ።

አንድ ጠዋት በቀለ የሚባል የአብዮት ጥበቃ ጓድ ጠመንጃውን አንግቶ ከወንዙ ድልድይ ሥር ብቅ አለ።

"ቁሙ! ይህ የምን ሰልፍ ነው? ማን ፈቀደ?"

"ሐኪም!" አለች በለጠች።

"ዓላማው?"

"ቦርጭ!"

"መፈክርስ አላችሁ?"

"የለንም" አለች ሳሕራ፣ "ትንፋሽ አጥሮን!"

ሴቶቹ በሳቅ አሸዋው ላይ ወደቁ፤ የቆመ አልነበረም። በቀለ ፊቱን ሊያኮሳትር ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ ጠመንጃው እስኪወዛወዝ ሳቀ። ሳቁ ሲያልፍለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እትዬ፣ እናቴ ታንኮራፋለች። ቀንም ቁጭ ብላ ታንቀላፋለች። ይሄ በሽታ ነው እንዴ?"

በለጠች ሳቋን አቆመችና አጠገቧ አስቀመጠችው።

"ትንፋሿ ቁርጥ ይላል?"

"ይላል። እንዲያውም ያስፈራኛል።"

"እንግዲያስ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዳት። ሲስተር ቀመርን ጠይቅ፣ በለጠች ላከችን በል።"

የበቀለ እናት ወለተ ጊዮርጊስ ቀጭን፣ ኮስታራ ባልቴት ሆና ተገኘች። ታከመች፣ ጥቂት ቆይታም ደቻቱ ወረደች። ሴቶቹ ሊያግዟት እጃቸውን ቢዘረጉላት ከዘራዋን እንደ ሰይፍ አንሥታ ቀድማቸው ሄደች።

"ቀስ በይ እንጂ እማማ!" አለች በለጠች ከኋላ እያለከለከች።

"ተኝቼ ያለፈኝ ብዙ ነው ልጄ" አለች ባልቴቷ ዞር ሳትል፤ አሸዋውን እየረገጠች ወደ ገበያው አቅጣጫ ተፈተለከች።