ቀዩ የአልጋ ልብስ

የመንደሯን ስም አልጽፈውም። ብጽፈውም ክሮኤሺያ ካርታ ላይ ፈልጎ የሚያገኛት የለም፤ ተራራ ሥር የተቀመጡ ጥቂት የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ጎረቤቴ ግን አገራቸውን ሲጠየቁ የሚጠሩት እሷን ነው። ከሁለታችንም አገር ርቆ ባለው ቶየን ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ በር ለበር ስንኖር ዓመታት አልፈዋል፤ እሳቸው ጡረታ የወጡ ባልቴት፣ እኔ የአውቶቡስ ሹፌር፣ የወሎ ልጅ።

እዚያ መንደር በቅዱሳቸው ዕለት ምስሉ በየመንገዱ ሲዞር፣ እያንዳንዱ ቤት ምርጡን የአልጋ ልብስ በመስኮት ያወጣል። ሰው አለ ማለት ነው። ጨርቅ ያልወጣበት ቤት የተዘጋ ቤት ነው፤ ሰልፉ ቆሞ ሳይጸልይለት ያልፋል። ከታች ያለው መንደር ግን ሻማ ነው የሚያበራው። እሳቸው ስለ ታችኞቹ ሲያወሩ ፊታቸውን ያኮሳትራሉ፤ የሌላ አገር ሕዝብ ነው የሚመስሏቸው። አሁን እዚያ መስኮት የሚከፍት አልቀረም፤ ወጣቱ ወጥቷል፣ ሽማግሌው አልቋል። ስለዚህ የእናታቸውን ቀይ የአልጋ ልብስ በየዓመቱ እዚህ ቶየን ላይ ያወጡታል። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ግን ወሎ ያደገ ሰው የጎረቤቱን በዓል ማክበር ማንም አያስተምረውም። ጠዋት በራቸውን አንኳኩቼ እንኳን አደረስዎ እላቸዋለሁ።

ባለፈው ነሐሴ ከእኔ በፊት ያንኳኳው የቦረትስላጉ ሰብሳቢ ነበር፤ የሕንፃችን ነዋሪዎች ማኅበር አለቃ መሆኑ ነው። ድምፁን ሰምቼ በሬን ከፈትኩ። በመስኮት በኩል ጨርቅ ማስጣት ክልክል ነው ይላቸዋል። በዓል መሆኑን ቢያስረዱት ፈገግ አለና፣ በዓል ከሆነማ የክሮኤሺያን ባንዲራ ይስቀሉ፣ ማንም አይናገርዎትም አላቸው።

ደግነቱን ማሳየቱ ነው እንግዲህ። ደሜ ፈላ። ባንዲራውማ የታችኞቹም ነው። ይህ ሰው የሚፈቅደው የሚያውቀውን ብቻ ነው፤ የማያውቀው ሁሉ የታጠበ ልብስ ይመስለዋል። እኔንም አንድ ጊዜ ከአፍሪካ የት ነህ ብሎኛል፤ ኢትዮጵያ ስለው በቃው፣ ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቀኝም። ስንት ዓመት አንድ ደረጃ እየወጣን እየወረድን።

እሳቸው አልተከራከሩም። ይበልጥ ያናደደኝም ይኸው ነው። ገብተው የአልጋ ልብሱን ሳቡት፤ አጣጥፈው ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

"በቃ፣ የእኔም ቤት ተዘጋ" አሉኝ ተከትያቸው ስገባ።

ይስጡኝ አልኳቸው። ሰጡኝ። ቤቴ ይዤው ገባሁና በእኔ መስኮት አወጣሁት። ሰብሳቢው ወርዶ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ።

"አንተ ደግሞ ምን አገባህ? ክሮኤሺያዊ አይደለህም" አለኝ።

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?"

"እዚህ ሰው አለ ማለት ነው" አልኩት።

የት የሚደረግ ነው ብሎ ጠየቀ። ልመልስለት አፌን ስከፍት፣ ተከትለውኝ የገቡት ጎረቤቴ በጎኔ ብቅ አሉና የመንደራቸውን ስም ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብለው ነገሩት።