መኪያ ያሰጣችው ቅጠል

መኪያ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ናት። ጠዋት ልጆቹን ካደረሰች በኋላ እስክትመልሳቸው ያለው ሰዓት ኢስት ዮርክ ቤቷ ደርሶ ለመመለስ ስለማይበቃ፣ ስካርቦሮ የሚባለው የሐይቅ ዳር ገደል ግርጌ ወርዳ በውሃው ዳር ትንሸራሸራለች። ሌሎቹ ሹፌሮች ስልካቸውን ሲጎረጉሩ ይቆዩና፣ እሷ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ስትመጣ "ነካ ያደርጋታል" ይላሉ። ይበሉ።

ባለፈው ሚያዝያ ማዕበሉ ገደሉን ቦርቡሮ አንድ ትልቅ ጓል ዳርቻው ላይ ጣለ። ጓሉ ከላይ አሸዋ ነው፤ ሥሩ ግን ጥቁር ነው፣ ሣርና ቅጠል ተጭኖ የጠቆረ። መኪያ ቆረስ አድርጋ ስትገነጥለው ከመሃሉ አንድ ቅጠል ወጣ። ጅማቱ አንድ በአንድ ይታያል፤ ትናንት የረገፈ ነው የሚመስለው። ፎቶ አንስታ ከሷ ፎቅ በላይ ለሚኖረው፣ ሙዚየም ውስጥ ለሚሠራው ለኖላዊ ላከችለት። እሱም ወዲያው ደወለ።

"እትዬ መኪያ፣ ይሄ የጥንቱ በረዶ አገሩን ሳይሸፍን በፊት የነበረ የረግረግ ቅጠል ነው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዓመት ይሆነዋል። እኔ ፊልድ ነኝ፤ ሰኞ እስክመጣ በደንብ ያስቀምጡልኝ።"

ማስቀመጥማ ለመኪያ ማን ያስተምራታል። ባደገችበት ቤት እንዲቆይ የተፈለገ ነገር ሁሉ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በርበሬውም፣ ለዘር የተለየውም። ቅጠሉን ከነጥቁሩ አፈር ሰፌድ ላይ ዘርግታ በረንዳው ላይ አወጣችው። በማግስቱ ከሥራ ስትገባ አፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ቅጠሉ ተጠቅልሏል። በጣቷ ነካ ስታደርገው ዱቄት ሆነ።

ያን ሁሉ ዘመን የኖረ ነገር እሷ በረንዳ ላይ ከአንድ ቀን አላለፈም። ደወለችለት።

"እስካሁን ያቆየው እርጥበቱ ነበር" አለ ኖላዊ። "ሳልነግርዎት፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

"የማን ጥፋት ነው አላልኩህም። ሌላ ይገኛል ወይ?"

"ማዕበሉ ገደሉን እንዳይበላው ከሰኞ ጀምሮ ግርጌውን በድንጋይ ሊሸፍኑት ነው። እስከዚያ ካልተገኘ እንጃ። ደግሞ ገደሉ ሥር እንዳይጠጉ፣ ይናዳል።"

ዓርብ ስትሄድ ጓሉን ሐይቁ ወስዶታል። ሌላ እንዳትፈልግ ልጆቹ የሚወጡበት ሰዓት ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ክዳን ያለው ባልዲ ይዛ የመኪናውን ቁልፍ ስትጠይቅ ልጇ ሪም ከአልጋዋ ቀና አለች።

"ማሚ፣ ጭቃ እኮ ነው። ዝናቡንስ ቼክ አድርገሻል?"

"አድርጌያለሁ። ቁልፉን።"

ከገደሉ ራቅ ብላ ውሃ ውሃውን ይዛ ሄደች። ነፋሱ ፊቷን ይገርፋል፣ ጣቶቿ ደንዝዘዋል። ለሰኞ የተከመረውን ድንጋይና የቆመውን ማሽን አልፋ ሄደች። እኩለ ቀን አለፈ፤ ምንም የለም። መመለስ አማራት፤ ዱቄቱ ትዝ ሲላት ግን እግሯ እምቢ አለ። ከፊቷ የወደቀ ዛፍ ነበር። እሱን ስትሻገር ማዕበሉ የሚልሰው አንድ ጥቁር ቁራጭ አየች። ጉልበቷ ድረስ ውሃ ገብታ በሁለት እጇ አቀፈችው፤ ባልዲው ውስጥ አስቀምጣ የሐይቁን ውሃ እስከ አፉ ሞላችበት።

አሁን ባልዲው አልነሳ አለ። ውሃውን ብትደፋው በቀለላት ነበር። አልደፋችም። ትንሽ ትሄድና ታሳርፈዋለች፣ እጇን ቀይራ ደግሞ ታነሳዋለች። እንዲህ እያለች መኪናዋ ጋ ስትደርስ ሊመሽ ምንም አልቀረውም።

ሰኞ ኖላዊ ወጥ ቤቷ ወለል ላይ ተንበርክኮ ቁራጩን በውሃው ውስጥ በቢላዋ ጫፍ ከፈት አደረገው። ቅጠል አለ። ከሥሩ ሌላ፣ ከዚያም ሥር ሌላ። ኖላዊ ቀና ብሎ ሲያያት ዓይኑ እንባ አቅርሯል። በሳምንቱ ቦታውን ልታሳየው ይዛው ወረደች። ከገደሉ ሥር እስከ ወደቀው ዛፍ ድረስ ግራጫ ድንጋይ ተደርድሯል።

"እኔና እርስዎ የምናየው እንግዲህ ባልዲው ውስጥ ያለውን ብቻ ነው" አላት።

ዛሬ ያ ቁራጭ ከነውሃው ሙዚየም ውስጥ ፍሪጅ ገብቷል፤ ያገኘችው መኪያ ናት ተብሎም ተጽፎበታል። እሷ ስሟን ሄዳ አላየችም። ግን አውቶቡሷ ውስጥ ልጆቹን ስትጠብቅ ለኖላዊ ትደውላለች፣ ሰላምታም የላት።

"ውሃው አልጎደለም?"

"አልጎደለም፣ እትዬ መኪያ።"

"ሄደህ እየው።"

ስልኩን ሳይዘጋ ሄዶ ያያል።